የምርመራ ልቦለድ ውይይት ከብርዝና አረቄ ጋር

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ አራት አምስት ሆኖ በምርመራ ልቦለድ ላይ መወያየት የሚያስብ ሰው፣ መርማሪው ፖሊስ ያልሆነበትን መጽሐፍ ቢመርጥ ይሻላል። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመችው የመጀመሪያው የሚስ ማርፕል ልቦለድ፣ ወንጀሉን የምትፈታው አትክልቷን እየተንከባከበች፣ ወፎችን በመነጽር የምታይ እየመሰለች የመንደሩን ወጪ ወራጅ የምትታዘብ ያላገባች አሮጊት ስትሆን፣ ተራኪው ደግሞ የመንደሩ ቄስ ነው። ከአጥር ጥግ ሆነው መንገዱን የሚቃኙ እማማ በየሰፈራችን ስላሉ፣ ባሕርይዋ ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

መጠጡም እንደ እርሷ ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ጠንካራ ይሁን። የተወቀጠ ዝንጅብል ቀጠን ባለ ብርዝ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይጠለላል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ብርሌ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ፣ በመጨረሻም ግማሽ መለኪያ አረቄ ይጨመርበታል። ሙሉ መለኪያ የማር ጣዕሙን ስለሚውጠው አልመክርም። ለማይጠጣ ሰው ብርዙ ብቻ ይበቃል፤ የገብስ ቆሎ ግን አይቅር።

ሁሉም ሰው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች በፊት ንባቡን ያቁምና፣ የጠረጠረውን ሰው ስምና ለጥርጣሬው ምክንያት የሆነውን ገጽ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ከሲኒ ሥር ያስቀምጥ። ውይይቱ «ገዳዩ ማነው?» በሚል ሳይሆን «አሮጊቷ ያየችውን ፖሊሱ ስለምን አላየውም?» በሚል ጥያቄ ቢጀመር፣ ክርክሩ ስለ ሐሜት፣ ስለ ዕድሜና ስለ ንቀት ይሰፋል። ወረቀቶቹ የሚገለጡት ቀሪዎቹ ሁለት ምዕራፎች ጮክ ተብለው ከተነበቡ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ብርሌም ከዚያ በፊት አይቀዳም።