ባሲለስ ሰብቲሊስ አድጎ ሱርፋክቲን እምቢ ሲል

ባክቴሪያው ያድጋል፣ የሚያመርተው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር፣ ሱርፋክቲን፣ ግን የለም። አምስት ቀን የፈጀብኝ ይህ ነው። የማሳድግበት ፈሳሽ ይደፈርሳል፣ አረፋ ግን አይወጣውም። ዘይት በተቀባ ሳህን ላይ ጠብ ሳደርገው እንደ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ሱርፋክቲን ቢኖረው ኖሮ ተዘርግቶ ይሟሽሽ ነበር። የውሃን የገጽ ውጥረት ከ72 ወደ 27 ሚሊኒውተን በሜትር ያወርዳላ!

ግሉኮስ ጨመርኩ። ምንም። ከፍሪዘር አዲስ የባክቴሪያ ዘር አወጣሁ። ያው። ፍላስኩን የሚንጠውን የሼከሩን ፍጥነት ከፍ አደረግኩ። አሁንም ያው።

በመጨረሻ ገና ባክቴሪያ ያልገባበትን ፍላስክ አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ከሥሩ ነጣ ያለ ዝቃጭ ተኝቷል። ፎስፌቱንና እንደ ማግኒዚየም ያሉትን ማዕድናት አንድ ላይ አውቶክሌቭ ስለማደርጋቸው (በግፊት እንፋሎት ስለማመክናቸው) ተያይዘው ይዘቅጡ ነበር። ሱርፋክቲንን የሚገጣጥመው ኢንዛይም ደግሞ ኤቲፒን (የሕዋሱን የኃይል ምንጭ) ያለ ማግኒዚየም አይጠቀምም።

ፎስፌቱን ለብቻ፣ ማግኒዚየም ሰልፌቱን ለብቻ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ አደረግኩ። የአይረንና የማንጋኒዝ ሰልፌቱን በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳለፍኩ። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ እያማሰልኩ ቀላቀልኩ። ፈሳሹ ጥርት አለ። ኢዲቲኤ (ማዕድናት እንዳይዘቅጡ የሚይዝ ኬሚካል) የምትጨምሩ ከሆነ በልኩ ይሁን፤ ሲበዛ ማዕድናቱን ራሱ ይይዝባችኋል።

በማግስቱ ጠዋት አረፋው የፍላስኩን ጥጥ ነክቶ ነበር።