የሽንት ዕፅ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው፣ ሰውየው ግን የሌለ ነገር እያየ ነው፤ ምን ይደረግ?

ድንገተኛ ክፍል፣ ላብራቶሪ ወይ ፎረንሲክ (ለፍርድ ቤት የሚሆን ምርመራ) ላይ ለምትሰሩ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስኳሩንና ሙቀቱን ለኩ፣ ስኳር የወረደበትና ኢንፌክሽን ጭንቅላቱ የገባበት ሰውም እኮ ይቃዣል።

ችግር፦ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ስሙንና ያለበትን ቦታ ግን በደንብ ያውቃል፣ የሽንት ስክሪኒንጉ (የመጀመሪያው ፈጣን የዕፅ ምርመራ) ደግሞ ባዶ ነው።
ምክንያት፦ የተለመደው ስክሪኒንግ ኮኬይን፣ ኦፒየት፣ አምፌታሚን፣ ካናቢስ ምናምን ነው የሚያየው፣ የሌለ ነገር የሚያሳዩትን ዕፆች፣ ኤልኤስዲንም የሚያቃዠውን እንጉዳይ ሳይሎሲንም፣ አያይም። ኤልኤስዲ ደግሞ የሚወሰደው በማይክሮግራም ነው፣ ከ50 እስከ 200 ገደማ፣ ደም ውስጥም በየ3 ሰዓቱ አካባቢ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ኔጌቲቭ ብቻ "ምንም አልወሰደም፣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ህመም) ነው" ብሎ ለአንድ ወጣት የዕድሜ ልክ ስም መለጠፍ በጣም ያሳዝነኛል።
መፍትሄ፦ ህክምናው የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅም፤ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሚያረጋጋው ሰው፣ ካስፈለገ ዳያዜፓም (ማረጋጊያ መድሃኒት)። መጀመሪያ የሸናውን ሽንት ግን እንዳትደፉት! ብርሃንና ሙቀት ኤልኤስዲን ስለሚያበላሹት ብርሃን በማያስገባ እቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡትና ማስ ስፔክትሮሜትሪ (ንጥረ ነገርን በሞለኪውሉ ክብደት የሚለይ ማሽን) ያለው ላብራቶሪ ላኩት፣ ኤልኤስዲውን ብቻ ሳይሆን ሰውነት ሲሰባብረው የሚወጣውን ሜታቦላይትም ይፈልጉ በሏቸው፣ እሱ ሽንት ውስጥ በብዛትም ለረጅም ጊዜም ይገኛል። እንጉዳይ ከተጠረጠረ ሳይሎሲኑ ሰውነት ከሚለጥፍበት ግሉኩሮናይድ ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚወጣ ከመመርመሩ በፊት በኢንዛይም መላቀቅ አለበት፣ አብዛኛው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ይወጣል።

ችግር፦ ሰውነቱ ይቃጠላል፣ ቆዳውና አፉ ደርቋል፣ ሽንት እምቢ ብሎታል፣ አየር ላይ የሆነ ነገር ይለቅማል፣ የት እንዳለም አያውቅም።
ምክንያት፦ ይሄ የኤልኤስዲ መልክ አይደለም፣ አስተናግርን (መርዛማውን ተክል) ወይ አትሮፒን መሰል መድሃኒቶችን አስቡ።
መፍትሄ፦ አቀዝቅዙት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገቡ፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አንሱ፣ ማርከሻው ፊዞስቲግሚን ካለ የሚያውቀው ሰው ይስጠው። ቆዳው በላብ ተጠምቆ እግሩ የሚርገፈገፍና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ኤልኤስዲ ነው ተብሎ በወረቀት የሚሸጥ ኤንቦም የሚባል ሰው ሰራሽ ዕፅ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ኮንቨልሽን (መንዘፍዘፍ) ያመጣል፣ ሰውም ገድሏል፣ ስለዚህ ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ።

ችግር፦ ስክሪኒንጉ ፒሲፒ (ሌላው የሚያቃዥ ዕፅ) ፖዘቲቭ አለ፣ ሰውየው አልወሰድኩም ብሎ ይምላል።
ምክንያት፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል! የሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋን፣ የህመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ የድብርት መድሃኒቱ ቬንላፋክሲን ስክሪኒንጉን ያሳስቱታል።
መፍትሄ፦ የሚወስደውን መድሃኒት በሙሉ ጻፉ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ሳይረጋገጥም ለፖሊስም ለቤተሰብም ውጤት አትስጡ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ ናሙናውን ማን ወሰደ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አሸገ፣ ማን ተረከበ የሚለው በፊርማ ካልተያዘ ምርጥ ማሽንም አያድነውም። የተረጋገጠ ፖዘቲቭ ራሱ የሚናገረው ንጥረ ነገሩ ሰውነቱ ውስጥ መግባቱን ነው እንጂ አደጋው በደረሰበት ሰዓት አእምሮው እንዴት እንደነበር አይደለም፣ እሱን የሚያሳየው የመጀመሪያው ሀኪም ያየውን ከነሰዓቱ የጻፈበት ካርድ ስለሆነ የብሌኑን ስፋት፣ ንግግሩን፣ ሙቀቱን እዚያው ጻፉት።