ደሴ ላይ በመነጽር ቤት ሸሪክ ለመሆን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን መነጽር ቤቶች ከመንገድ ቆሞ ለሚያይ ሰው ንግዱ የፍሬም ንግድ ይመስላል። መብራት የበራበት መደርደሪያ፣ በረድፍ የተሰቀሉ ፍሬሞች፣ መስታወት፣ ሁለት ወንበር። ዕቁብ ደርሶት ወይም ዘመድ ከውጭ ልኮለት ስለ ሽርክና የሚያስብ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ለሚታየው ነገር ነው። የመነጽር ቤት ዋጋ ግን ያለው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ዐይን የሚለካው ባለሙያ፣ ሌንስ የሚቆርጠው እጅና ለዓመታት የተጠራቀመው የደንበኞች መዝገብ ከሌሉ ፍሬም የትም የሚገኝ ዕቃ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሰውየውን ያስቀድማል፤ ገንዘቡ ኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ ምን ይዘው እንደሚገቡ ይለዩ

በዚህ ሥራ ሽርክና የሚጸናው ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ይዘው ሲመጡ ነው፤ አንዱ ሙያውን፣ ሌላው ገንዘቡንና የንግድ ችሎታውን። በብሪታንያ የሚታወቀውና በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ስፔክሴቨርስ የተባለ ድርጅት በየከተማው የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው። ሱቆቹ ከአገሬው ሸሪኮች ጋር በጋራ የሚያዙ ሲሆኑ፣ አንዱ ሸሪክ የምርመራውን፣ ሌላው የሽያጩን ክፍል ይመራል። እኛ ጋ ያንን የሚያህል ድርጅት ከጀርባ ባይኖርም ክፍፍሉ ለሁለት ሰው ሱቅም ይሠራል።

ባለሙያ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ (የዐይን ልኬትና ምርመራ ሙያ) ተምረው የሙያ ፈቃድ ካወጡ፣ ለድርድር የሚቀርቡት ትልቅ ነገር ይዘው ነው፤ አሳንሰው አይሽጡት። ያለዎት ገንዘብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው በቀረ ቀን «ቁጥሩን እኔ ልየው» ብለው ምርመራ ላይ እንደማይቀመጡ ከአሁኑ ይወስኑ። ከ40 ዓመት በኋላ ፊደል የደበዘዘበት ሰው የሚያስፈልገው የንባብ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያው ሰው ግን ግላኮማ (የዐይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ወይም ስኳር ያመጣው የዐይን ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚጠረጥረው የተማረ ሰው ነው፤ ሲጠረጥርም መነጽሩን ሳይሸጥ በሽተኛውን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም ሌላ የዐይን ሐኪም ወዳለበት ይልካል። ሸሪክዎ የሚሆነው ሰው ሽያጭ ትቶ እንዲህ የሚልክ መሆኑን ማወቅ ከየትኛውም የሒሳብ ሰነድ ይቀድማል።

ሁለተኛ፦ ሱቁ ውስጥ ይቀመጡ

ባለቤቱን አስፈቅደው ለተወሰኑ ሳምንታት ሥራውን ከውስጥ ይመልከቱ። ሰኞ እንዳያመልጥዎት። ለሰኞ ገበያ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬና ከሌላውም ወረዳ የሚመጣው ሰው ሸምቶ ሲያበቃ ዐይኑን የሚያስለካው በዚያው ቀን ነው። አንዲት እናት ገብተው «ልጄ፣ ቁርአኑ ጠፋብኝ» ወይም «ዳዊቱ አልነበብ አለኝ» ሲሉ አስተናጋጁ እንዴት እንደሚቀበላቸው ይዩ። መጀመሪያ ውዱን ፍሬም ያወርዳል ወይስ «እማማ፣ እስኪ ይቀመጡ፣ በመጀመሪያ እንለካዎት» ይላል?

ከዚያ መሳቢያውን ያስከፍቱ። ተሠርተው ባለቤታቸው ያልወሰዳቸው መነጽሮች የሚቀመጡበት መሳቢያ በየሱቁ አለ። ቀብድ ከፍሎ የቀረ ሰው የገንዘብ ችግር ገጥሞት ይሆናል። «አዞረኝ፣ ራሴን አመመኝ» ተብለው የተመለሱት መነጽሮች ከበዙ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ልኬቱ ወይም ቆረጣው ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

ይህን በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። የሌንስ መለኪያው መሣሪያ በእያንዳንዱ ሌንስ ላይ ሦስት የቀለም ነጥብ ያስቀምጣል፤ መካከለኛው ነጥብ የሌንሱን የዕይታ ማዕከል ያሳያል። ከተመለሱት መነጽሮች አንዱን አስለክተው፣ በሁለቱ መካከለኛ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩና በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የሁለቱ ብሌኖች ርቀት ጋር ያስተያዩ። የሩቅ መነጽር ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው። ቁጥሩ (የሌንሱ ኃይል) 4 በሆነ ሌንስ ላይ ማዕከሉ በ5 ሚሊ ሜትር ቢስት የ2 ፕሪዝም (የብርሃን መታጠፍ መለኪያ) መዛባት ይፈጠራል፤ ዐይን ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጋር ይታገላል። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የብሌን ርቀት ጭራሽ ያልተጻፈ ከሆነ ደግሞ ሱቁ በግምት እየቆረጠ ነው። እኔ ብሆን ይህ ሳይስተካከል አንድ ብር አላስገባም።

ሦስተኛ፦ የሱቁን ዋጋ ያውጡ

ከባለቤቱ ጋር ብቻ ተቀምጠው ዋጋ አይስማሙ። የሒሳብ ባለሙያ ይቅጠሩ፤ ዕቃ ቆጠራው ላይም ራስዎ ይገኙ።

ፍሬሙና ሌንሱ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ዋጋቸው ከምንዛሬ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የተገዛ ዕቃ በሁለት መንገድ ሊገመት ይችላል፤ በተገዛበት ወይም ዛሬ በሚተካበት ዋጋ። ባለቤቱ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ሌንስ ላይ እውነት አለው። ፍሬም ላይ ግን አይቀበሉ። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ያልተሸጠ ፍሬም ሞዴሉ ያለፈበት ነው፤ ዶላር ስለጨመረ ገዢ አይመጣለትም። የሚሄደውንና የቆመውን ለይታችሁ የቆመውን በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ያዙት።

የምርመራ መሣሪያውንና የሌንስ መቁረጫ ማሽኑን እየሠሩ ይዩአቸው፤ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣም ይጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ ተይዛ በቆየችባቸው ሳምንታት ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል። በኋላ የተተካ መሣሪያ ያገለገለ ሊሆን ስለሚችል የግዢ ደረሰኙን ይመልከቱ። የኢንሹራንስ ውሉንም ያንብቡ፤ የተለመደው የንብረት ዋስትና በተለየ ሁኔታ ካልተገዛ በቀር የጦርነት ጉዳትን አይሸፍንም።

ዕዳው ላይ ሰው የሚረሳው ቀብዱን ነው። ደንበኛው ከፍሎ መነጽሩን ገና ካልተረከበ ያ ገንዘብ የሱቁ ትርፍ አይደለም፣ ዕዳው ነው። የግብር ዕዳ አለመኖሩ በክሊራንስ ይረጋገጥ። የኪራይ ውሉ ስንት ጊዜ እንደቀረውና በማን ስም እንደሆነም ይጣራ፤ ለመልካም ስም፣ ማለትም ሱቁ ላፈራው ዝናና ደንበኛ፣ ብዙ ከፍለው አከራዩ በዓመቱ ልቀቁ ካለ የከፈሉት ከንቱ ይቀራል።

አራተኛ፦ በወረቀት ላይ ምን ትሆናላችሁ?

እዚህ አገር በጣም የተለመደው መንገድ በጣም አደገኛው ነው፤ ፈቃዱ በአንዱ ስም ሆኖ ሌላው በቃል ወይም ሁለት ምስክር ባለበት ወረቀት ገንዘብ ያስገባል። የንግድ ሕጉ እሽሙር ማኅበር የሚለው የማይመዘገብ ሽርክና ቢኖርም የሕግ ሰውነት የለውም። ባንኩም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ አከራዩም የሚያውቁት ፊት ለፊት ያለውን ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ቢሞት ከወራሾቹ ጋር የሚከራከሩት ባዶ እጅዎን ሊሆን ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሌሎች ምርጫዎች አሉት። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮች ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ሱቁ ከከሰረ አበዳሪው ወደ ቤትዎ ሊመጣ ይችላል። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ግን ተጠያቂነትዎ ባስገቡት መዋጮ ልክ ነው። ማኅበሩ በሁለት ሰው ሊቋቋም ይችላል። ለሁለት ሰው መነጽር ቤት ይህን እመርጣለሁ። ሸክም አለው፤ የሒሳብ መዝገብ በሥርዓቱ መያዝ ግዴታ ነው። ግን መዝገብ የማይወድ ሰው ጋር ሸሪክ ባይሆኑ ይሻላል።

መመሥረቻ ጽሑፉን ከሌላ ሰው ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። ነባሩ ባለቤት በዓይነት ያስገባቸው ማሽኖችና ዕቃዎች በስምና በግምታቸው ይዘርዘሩ። የደንበኞች መዝገብም የማኅበሩ ንብረት ነው ተብሎ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ባለሙያው ሲለይ ማኅደሩን ይዞ ማዶ ሱቅ ቢከፍት የሚከራከሩበት አንቀጽ አይኖርዎትም።

አምስተኛ፦ ፈቃድ

አዲስ ማኅበር ማለት አዲስ ሰው ነው፤ በባለቤቱ ስም የነበረው ንግድ ፈቃድ አይወረስም። ምዝገባውና ንግድ ፈቃዱ በከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያልፋሉ። ዐይን የሚለካ ሱቅ ስለሆነ የጤናው ዘርፍ የብቃት ማረጋገጫም ይፈለጋል፤ እሱ ደግሞ የሚሰጠው ሱቁ የሙያ ፈቃዱ ያልተቋረጠ ባለሙያ ሲኖረው ነው። የመመርመሪያ ክፍሉን ከማደስዎ በፊት መስፈርቱን ጠይቀው ይወቁ። የፊደል ሰሌዳው በተለምዶ በ6 ሜትር ርቀት የሚነበብ ነው፤ በጠባብ ክፍል መስታወት በመጠቀም ርቀቱን ማሟላት ይቻላል።

ስድስተኛ፦ ደመወዝ መጀመሪያ፣ ትርፍ በኋላ

ብዙ ሽርክና የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እንበል ባለሙያው 60 በመቶ፣ እርስዎ 40 በመቶ ድርሻ አላችሁ፤ በወሩ ከኪራይ፣ ከዕቃና ከሌላ ወጪ በኋላ 70,000 ብር ቀረ። በቀጥታ ቢካፈሉ እርስዎ 28,000 ብር ይወስዳሉ። ነገር ግን እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ለክቷል፣ እርስዎ ኮምቦልቻ ሌላ ሥራ ላይ ውለዋል። የሥራው ደመወዝ 20,000 ተብሎ አስቀድሞ ቢቀነስ የሚካፈሉት 50,000 ይሆናል፤ የእርስዎ 20,000፣ የእሱ 30,000 ከደመወዙ ጋር። እርስዎ በየወሩ 8,000 ያጣሉ፤ እሱ ግን የሚለፋው ለሰው እየመሰለው አይቀየምም። እርስዎም ሽያጭና ዕቃ ግዢ ላይ ከሠሩ የእርስዎም ደመወዝ አስቀድሞ ይወሰን። ማኅበሩ የሚከፍለው 30 በመቶ የትርፍ ግብር መኖሩን አስባችሁ በየወሩ ያገኛችሁትን ሁሉ አትውሰዱ።

ወለድ የማይፈልጉ ብዙ የደሴ ሰዎች ገንዘቡንና ሥራውን በሙዳረባ መርህ ያስማማሉ፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ቢመጣ ግን፣ ሠራተኛው ካላጠፋ በቀር፣ ገንዘቡን የሚያጣው ባለ ገንዘቡ ነው። ይህን የኪሳራ ክፍል ሳይረዱ «በሙዳረባ ነው የገባሁት» የሚሉ አሉ፤ ከመፈረምዎ በፊት ከሚያውቅ ሰው ጋር ያንብቡት።

ሰባተኛ፦ መለያየትን አሁን ጻፉት

አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው በማን ግምት፣ በስንት ጊዜ ይከፈላል? ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት ሚስት ወይም ልጅ ሸሪክ ይሆናሉ ወይስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ? ባለሙያው ከወጣ በኋላ ስንት ጊዜ በስንት ርቀት ሌላ መነጽር ቤት አይከፍትም? ሽማግሌ ይቅደም ካላችሁ ሽማግሌዎቹን ከአሁኑ በስም ምረጡ።

ከፊርማው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የማኅበሩን የባንክ ሒሳብ በሁለት ፊርማ ክፈቱ። ዕቃውን እንደገና ቆጥራችሁ ዝርዝሩን ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ በመሳቢያው ውስጥ ያሉትን ያልተወሰዱ መነጽሮች አንድ በአንድ አውጥታችሁ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደውሉ፤ የተሳሳተው ካለ በማኅበሩ ወጪ እንደገና ይቆረጥ።