የጎረቤትን ቤት በእድር እንዴት እናድሳለን? ጣሪያው በሰኔ፣ ምርጊቱ በመስከረም

በሰሜን ሸዋ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት የሚዘመተው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ተማሪው እረፍት ላይ ነዋ። ችግሩ ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር ላይ በእነዚህ ወራት የተመረገ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ርጥብ ስለሆነ ግን በራሱ ክብደት ከማገሩ ይላቀቃል። ስለዚህ ስራውን ለሁለት ክፈሉት። ጣሪያውና የውሃ ቦዩ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና ይለቅ። ምርጊቱ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ውርጩ ሳይበረታ ይሁን፤ ርጥብ ጭቃ ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል።

አዲስ ማህበር ለማቋቋም ከመሯሯጥ ያለውን እድር ጠይቁ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳኑና ድስቱም አለ። ከሁሉ በላይ በእውነት የተቸገረው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ቤቱን ስትመርጡ የማን እንደሆነ አጣሩ። የግል ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫውን እዩ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ከሚያስተዳድረው ክፍል የጽሁፍ ፈቃድ ያዙ። የኪራይ ቤት ከሆነ ግን ባለቤቱ ኪራይ እንደማይጨምርና ተከራይዋን እንደማያስወጣ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነም ተጽፎ፣ በሦስት ምስክር ፊት ካልፈረመ አትንኩት። በመዋጮ የታደሰ ቤት በማግስቱ ለሌላ ተከራይቶ አዛውንቷ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ልኬት። 5 በ4 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክንፍ ጣሪያ ቤት እንውሰድ። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ ጎን ለጎን ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 5.6 ሜትር ይሆናል፤ በረድፍ 7 ቆርቆሮ ማለት ነው። ቁልቁል አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው፣ 2.8 ሜትር ይደርሳሉ። ለአንድ ክንፍ 10 ከግማሽ፣ ለሁለቱ 21 ቆርቆሮ፣ ከመጠባበቂያ ጋር 22 ያስፈልጋል። ሁለቱ ክንፎች አናት ላይ የሚገናኙበትን ለሚከድነው ኮልሞ፣ ባለ 2 ሜትሩ 3 ይበቃል። በዚህ ልክ ከግድግዳው ወደ ውጭ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ይህን ለቁጠባ አትቁረጡት፣ ጭቃውን ከዝናብ የሚያድነው እሱ ነው።

ስትገዙ የቆርቆሮውን ውፍረት ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ የ32 ቁጥሩን ዋጋ ከፍለው 35 ቁጥር ይዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ምስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃው በቀዳዳው ይገባል። ለአንድ ቆርቆሮ ከ8 እስከ 10 ምስማር አስቡ። መደርደር የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ሳይሆን ወደሚሄድበት ካለው ጫፍ ነው፤ ጣርማ በር አካባቢ ይህን የዘነጋ ጣሪያ ንፋስ ከስሩ ገብቶ ይገለብጠዋል። ሸዋ ሮቢትና ሌላው ቆላ ላይ ደግሞ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው፤ የባህር ዛፍ ቋሚው ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት።

ለአንድ ቤት ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። አርባ ወጣት ሲመጣ አሥሩ ይሰራል፣ ሠላሳው ፎቶ ይነሳል። ሁለቱ በገንዘብ የተቀጠሩ አናጢዎች ይሁኑ፤ ጣሪያ ላይ ከሦስት ሰው በላይ አይውጣ፣ ልጆችም አይውጡ። ዝናብ ካካፋ ሁሉም ይውረድ።

ለምርጊቱ ቀይ አፈር ፈልጉ። የሞረትና ጅሩ ዓይነቱ ጥቁር ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈሩን ከገብስ ወይም ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጣችሁ፣ ውሃ እያከላችሁ፣ ቢያንስ ለሦስት አራት ቀን አቡኩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ከሰነጠቀ ጭድ ጨምሩ። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ፤ ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ካልጨረስን ስለሚል።

ገንዘቡን በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ የሚወጣ አድርጉት። በዓይነት የተሰጠውንም መዝግቡ፤ ቆርቆሮው በቁጥር፣ ምስማሩ በኪሎ፣ እንጨቱ በፍልጥና በቋሚ ተለይቶ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሌሎችን ጥቅም ለማገልገል የተቋቋሙ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ለሰፈር ስራም ጥሩ መለኪያ ነው፤ ቲሸርቱና ባነሩ ከዚህ ካለፈ ጣሪያው ተበልቷል ማለት ነው።

የወረደው አሮጌ ቆርቆሮ የቤቱ ባለቤት ነው። ለማን እንደተሰጠ ተቆጥሮ ይፈረምበት፤ ሐሜት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ሳይሆን ከአሮጌው ነው።