በፔስሜከር ክላስተር ላይ ክትትልና ፌይልኦቨር ሲዋቀር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ክላስተር አንዱ ሰርቨር (ኖድ) ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ (ፌይልኦቨር) የተሣሰሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው። በፔስሜከር (ሰርቪሶቹን በሚያስነሣውና በሚያዛውረው ሶፍትዌር) እና በኮሮሲንክ (ኖዶቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው) የሚሠራ ክላስተር የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል፤ ያልተነገረውን ደግሞ በዲፎልት ይሞላዋል። በሥራ ላይ ካጋጠሙኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ የመጡት ማንም ሳያስብባቸው በዲፎልት ከታለፉ ቅንብሮች ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሰርቪሱን ያለ ሞኒተር መመዝገብ ነው። ፔስሜከር በየጊዜው እንዲያይ ካልታዘዘ ሰርቪሱን አንዴ ካስነሣው በኋላ መልሶ አያየውም፤ ፕሮሰሱ ከሞተ ከሰዓታት በኋላም ማሳያው ላይ «ስታርትድ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቆያል። በፒሲኤስ (የክላስተሩ ማዋቀሪያ ትእዛዝ) ለሚፈጠር ሪሶርስ (ክላስተሩ የሚመራው ሰርቪስ) ሞኒተር በራሱ ይገባለታል፤ ቅንብሩን በኤክስኤምኤል በእጁ የሚጽፍ ሰው ግን ራሱ ሊያስገባው ይገባል። ዋናና ተከታይ ቅጂ ላለው ዳታቤዝ ለሁለቱም ሚናዎች የየራሳቸው ሞኒተር ያስፈልጋል። ፔስሜከር ሁለቱን የሚለያቸው በድግግሞሻቸው ስለሆነ አንዱ በየ10 ሴኮንዱ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላው በየ11 ሴኮንዱ ይሁን።

ሞኒተሩ ምን ብሎ እንደሚጠይቅም መታየት አለበት። በሲስተምዲ (የሊኑክስ የራሱ ሰርቪስ አስተዳዳሪ) በኩል የተመዘገበ ሰርቪስ የሚጠየቀው በሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ነው፤ አዲስ ግንኙነት መቀበል ያቆመ፣ ግን ያልሞተ ዳታቤዝ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ለፖስትግሬስ የተዘጋጀው የኦሲኤፍ ኤጀንት (ሰርቪሱን ለክላስተሩ የሚያስነሣ፣ የሚዘጋና የሚፈትሽ ስክሪፕት) ግን ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ አጭር ኩዌሪ ያስኬዳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ኤጀንት እያለ ሲስተምዲን መምረጥ አይመከርም።

ሁለተኛውና ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ታይምአውት ነው። ለአንድ ኦፕሬሽን (ማስነሣት፣ መዝጋት ወይም ሞኒተር) የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው ፔስሜከር የሚጠብቀው 20 ሴኮንድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጥገና ብለን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱን ኖድ ስታንድባይ (ሰርቪስ እንዳይዝ) ስናደርገው፣ ዳታቤዙ በሜሞሪ የያዘውን ወደ ዲስክ ጽፎ ለመዘጋት ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለፈለገ፣ ክላስተሩ «ስቶፕ አልተሳካም» ብሎ ኖዱን ራሱን ሪስታርት አደረገው። ክላስተሩ አልተሳሳተም፤ ፌንሲንግ (ችግር ያለበትን ኖድ ኃይሉን በመቁረጥ ወይም ሪስታርት በማድረግ በግድ ማስወገድ) ሲኖር መዝጋት ያቃተው ኖድ ይወገዳል፣ ከሌለ ደግሞ ሰው እስኪደርስ ሪሶርሱ ታግዶ ይቆያል። ስለዚህ የማስነሻውንና የመዝጊያውን ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ለክቶ፣ ከተገኘው ረጅሙን ቢያንስ በእጥፍ መስጠት ያስፈልጋል። የሞኒተሩ ገደብም ባክአፕ ዲስኩን በሚያጨናንቅበት ሰዓት ሊፈተን ይገባል።

ሦስተኛው ፌንሲንግን «ለጊዜው» ብሎ ማጥፋትና በዚያው መርሳት ነው። በሁለት ኖዶች መካከል ያለው ኬብል ሲቆረጥ ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም ግን ሌላው የሞተ ይመስላቸዋል፤ ሁለቱም በጋራ ዲስክ ላይ ያለውን አንድ ኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ማውንት ካደረጉት ዳታው ይበላሻል። ኮሮሲንክ ላይ «ቱ ኖድ» የሚለው ቅንብር ሲበራ እያንዳንዱ ኖድ ብቻውን ኮረም (ለመወሰን የሚያስችል የድምፅ ብዛት) ስለሚኖረው፣ በመካከላቸው የሚዳኝ ከፌንሲንግ በቀር ሌላ የለም። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት እርስ በርስ እንዳይጠፋፉም በአንደኛው ኖድ ፌንሲንግ ላይ የጥቂት ሴኮንድ መዘግየት ይጨመር።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ሌላም ጉድ አለ። አይፒኤምአይ (ሰርቨሩን ከርቀት ለማጥፋትና ለማብራት የሚያገለግል፣ በሰርቨሩ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ) የሚሠራው በዚያው ሰርቨር ኃይል ነው፤ ሰርቨሩ ኃይል ሲያጣ እሱም አብሮ ይጠፋል፣ የቀረው ኖድም «መጥፋቱ ተረጋግጧል» የሚል መልስ ስለማያገኝ ሰርቪሱን ሳይረከብ ይጠብቃል። በሪሞት የሚዘጋ የኃይል ማከፋፈያ ወይም ኤስቢዲ (ኖዱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ፕሮግራም) ከዋችዶግ (ምላሽ ሲያጣ ሰርቨሩን ሪስታርት ከሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ) ጋር ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ቢቀመጥ ይህ ይቀረፋል።

የውድቀት ቆጠራም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ማይግሬሽን ትሬሾልድ (ሰርቪሱ ከኖዱ ከመዛወሩ በፊት የሚፈቀድለት የውድቀት ብዛት) በዲፎልት ወሰን ስለሌለው እየወደቀ የሚነሣ ሰርቪስ እዚያው ኖድ ላይ ይመላለሳል፤ በአንጻሩ አንድ ጊዜ መነሣት ካቃተው ወዲያው ከኖዱ ይባረራል። ፌይለር ታይምአውት (የውድቀት ቆጠራው የሚሰረዝበት ጊዜ) ካልተሰጠ ደግሞ ያ ቆጠራ በራሱ አይጠፋም፤ ባለፈው ወር አንደኛው፣ ዛሬ ሌላው ኖድ ከታገደ ሰርቪሱ የሚሄድበት ያጣል። እኔ ለአብዛኛው ሰርቪስ 3 ውድቀትና 10 ደቂቃ እሰጣለሁ።

ክላስተሩ የሚመራውን ሰርቪስ በሲስተምዲ «ኢኔብል» (ማሽኑ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ) ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለት አዛዥ ይሆናልና። ስቲኪነስ (ሰርቪሱ ባለበት ኖድ ላይ እንዲቆይ የሚሰጠው ክብደት) ዜሮ ከሆነና የቦታ ምርጫ ከተጻፈ ደግሞ ኖዱ ሲድን ሰርቪሱ ተመልሶ ስለሚዛወር ተጠቃሚው ሁለት ጊዜ ይቋረጥበታል።

በመጨረሻም ስታንድባይን እንደ ፈተና መቁጠር ስህተት ነው፤ ስታንድባይ ሥርዓት ያለው መዝጊያ ነው። ፕሮሰሱን በኪል 9 መግደል፣ የክላስተሩን ኬብል መንቀል፣ ከዚያም የኃይል ገመዱን ራሱን መንቀል ያስፈልጋል። በዚህ በሦስተኛው ላይ ሎጉን እየተከታተሉ ያለ አንዳች ርክክብ አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ፌንሲንጉ ያለው በአይፒኤምአይ ብቻ መሆኑን መጀመሪያ ይመልከቱ።