የሌላ ሞዴል ኮይሎቨር መኪናችሁ ላይ እንዴት ይገጠማል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መኪናው አፍንጫውን ይደፋል? ከኩርባ ስትወጡ ሁለት ሦስቴ ይወዛወዛል? እንግዲያው ሾኩ፣ ማለትም የሞላውን ውዝዋዜ የሚያረጋጋው ዕቃ፣ ደክሟል። እዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የደከመ ሾክ ያስፈራል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወርዳላችሁ፤ ከፊትም ከኋላም የጭነት መኪና አለ።

ኮይሎቨር ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የተዋቀሩበት፣ ቁመቱ በክር ከፍና ዝቅ የሚል ዕቃ ነው። በብዙዎቹ የሾኩም ጥንካሬ ይስተካከላል። ችግሩ ለራሳችሁ ሞዴል የተሠራውን ማግኘት ነው። የሌላ ሞዴል ካገኛችሁ አንዳንዱ ይገጥማል፣ አንዳንዱ አይገጥምም። ስለዚህ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ለኩ።

የእኔ ኮሮላ ኢ110 ነው፤ ጃፓን ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ትውልድ። የገጠምኩለት ኮይሎቨር ከእሱ በፊት ለነበረው ለኢ100 የተሠራ ነው። ኢ110 የቆመው በኢ100 መሠረት ላይ ስለሆነ እግራቸው ይቀራረባል። ይህ ግን ሁሉንም አይመለከትም። ሌቪንና ትሩኖ ከሚባሉት የስፖርት ዓይነቶች አንዳንዶቹ «ሱፐር ስትራት» የተባለ የተለየ የፊት እግር አላቸው፤ የእነሱ ዕቃ ለተራው ኮሮላ አይሆንም። የአንዳንድ መኪኖች የኋላ እግር ደግሞ ሞላው ለብቻ፣ ሾኩ ለብቻ ነው። እዚያ ላይ የኢ100ን የኋላ ዕቃ አታስቡት።

ሳትከፍሉ የምትለኩት

ካሊፐር (የውፍረትና የስፋት መለኪያውን)፣ ሜትርና አንድ ቁራጭ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑ ለላይኛው ክፍል ነው። የኮይሎቨሩ አናት ላይ ያሉት ቡሎኖች ካርቶኑን እስኪበሱት ድረስ በመዳፋችሁ ተጫኑት። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና ያንን ካርቶን በራሳችሁ መኪና ቡሎኖች ላይ አስቀምጡት። ገጭ ብሎ ከተቀመጠ ላይኛው አለቀ። ካልተቀመጠም ተስፋ አትቁረጡ፤ የሾኩ ዘንግ ውፍረትና ክር ከተስማማ የራሳችሁን የላይ መቀመጫ መጠቀም ትችላላችሁ።

ዋናው ታችኛው ነው። ከጎማው አንጓ፣ ማለትም ጎማውን ከሚሸከመው ብረት፣ ጋር የሚያያዙት ሁለት ቡሎኖች አሉ። ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው መሐል ለኩ። የቀዳዳውን ስፋት ለኩ። አንጓውን የሚያቅፉት ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለውን ክፍተትም ለኩ። ሦስቱም ከራሳችሁ ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

ይህን የተማርኩት ተከፍሎበት ነው። ከዚህ በፊት በነበረኝ መኪና ላይ ቀዳዳው በትንሹ አልገጥም አለ። የሚገጥመው ልጅ «አብሽር፣ በሞረድ ትንሽ እንከፍተዋለን» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መሪው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ጎማውን ሳወጣው የውስጥ ጎኑ ተበልቶ ሽቦው ሊታይ ደርሶ ነበር። እነዚያ ቡሎኖች የሚይዙት ብረትን ከብረት ጋር አጥብቀው በመጨበጥ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ኃይለኛ ፍሬን ወይም ጉድጓድ ያንሸራትታቸዋል። ሞረድ ያነሳ ሰው ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። የፍሬን ትቦው ማሰሪያ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካለው የሽቦው ማሰሪያ፣ የስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚረዳው ዘንግ) ማያያዣ ቦታቸው አለ ወይ? ጠቅላላ ቁመቱስ ከኦሪጅናሉ ጋር ይቀራረባል? ሞላው ላይ የተጻፈውንም ቁጥር አንብቡ። 8 ካለ ሞላውን 1 ሚሊ ሜትር ለመጫን 8 ኪሎ ያስፈልጋል ማለት ነው። የትንሽ መኪና ኦሪጅናል ሞላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 አካባቢ ነው። ከከባድ ሞዴል የመጣ ደረቅ ሞላ በደሴ ኮብልስቶን ላይ ወገባችሁን ይጨርሰዋል። እኔ ከ5 በላይ አልገዛም።

ማውጣትና መግጠም

ደሴ ላይ ሜዳ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ግን ያለ ሜዳ አትጀምሩ። የማይነሱትን ጎማዎች ታኮ አድርጉባቸው። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለማቆሚያ አይሆንም፤ ድንጋይና ብሎኬትማ በፍጹም።

ጎማውን አውጡ። የፍሬን ትቦውንና የስታቢላይዘሩን ማያያዣ ፍቱ። የታችኞቹ ቡሎኖች ያሉበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ሁለቱን ዳዶዎች ፍቱ፤ አንጓው ወደ ውጭ ወድቆ የፍሬን ትቦውን እንዳይስብ በሽቦ እሰሩት። በመጨረሻ ሾኩን በአንድ እጅ ደግፋችሁ የላይኞቹን ዳዶዎች ፍቱ። የዘንጉን መሐል ዳዶ ግን አትንኩ! ሞላው እንደታመቀ ነው፤ ከተፈታ ሰው ይገድላል። የራሳችሁን የላይ መቀመጫ የምትፈልጉ ከሆነ በሞላ መጭመቂያ ብቻ፣ ያውም በሚያውቅ ሰው እጅ ይፈታ።

አዲሱን ከላይ አስገቡና ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ያዙ። ከዚያ የታችኞቹን። ቡሎኖቹ በጣት ተገፍተው መግባት አለባቸው፤ መዶሻ ካስፈለገ የሆነ ነገር ስላልገጠመ ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ የሞዴላችሁ መመሪያ በሚለው ጥብቀት ልክ አጥብቁ። የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ላስቲክ ያለባቸውን ቦኮላዎች (የእግሩን መጋጠሚያዎች) ግን መኪናው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው የምታጠብቁት፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ እየተጠማዘዙ ቶሎ ይቀደዳሉ።

ማስተካከል

ዝቅ አታድርጉት። ከተማው ውስጥ ያለው የፍጥነት መቀነሻና የቦይ ጠርዝ ዝቅ ላለ መኪና አይራራም። ከመጀመራችሁ በፊት ከጎማው መሐል እስከ መከላከያው ጠርዝ ያለውን በአራቱም በኩል ለክታችሁ ጻፉት፤ አሁን ወደዚያው ቁጥር መልሱት። ጥንካሬውን እስከ መጨረሻው አዙሩና እየቆጠራችሁ ወደ መሐል መልሱ። ግራና ቀኙ እኩል ቁጥር ይሁን። ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ወደሚያስተካክሉበት) ውሰዱት፤ ይሄ የሚዘለል አይደለም። ሲመለስ የታችኞቹን ቡሎኖች ቦታ በነጭ ቀለም እንደገና ምልክት አድርጉበት።

መጀመሪያ የምትሞክሩት ሜዳ ላይ ነው፤ ሐረጎ ይቆይ። ለእኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ መንገድ ይሻለኛል። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙሩ፣ ጎማው ሞላውን እንዳይነካ በእጃችሁ ፈትሹ። ድምፅ ስሙ። ቀስ ብላችሁ ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጉ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ጎማውን አውጡና ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና ፈትሹ። ነጩ ምልክት ከቦታው ካልተነቃነቀ ሐረጎን መውረድ ትችላላችሁ።