ናሮውቦቱ አልሄድ ሲል፦ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፕሮፔለሩን እዩ

በእንግሊዝ ካናሎች ላይ ናሮውቦት (ጠባብና ረጅም የብረት ጀልባ) ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ሲደውሉልኝ ስሞታቸው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ «ሞተሩ ይሞቃል» ይላል። ሌላው «ጥቁር ጭስ ያወጣል» ይላል። «መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል» የሚልም አለ። «ነዳጅ ብሰጠውም አይሄድም፣ ላቁመውም ስል አይቆምም» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ሄጄ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አንድ ነው። ፕሮፔለሩ ላይ፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን በሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት ላይ፣ የሆነ ነገር ተጠምጥሟል።

ናፍጣ መኖሩን፣ ዘይቱን፣ ቺንጋውንና የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

ምልክቱ

ትናንት በደቂቃ 1,300 ዙር ደህና ይሄድ የነበረ ጀልባ ዛሬ በዚያው ዙር ይጎተታል። ነዳጅ ስትጨምሩ ድምፁ ይከብዳል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ጭሱ ይጠቁራል። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ጀልባው ዝም ብሎ ወደፊት ይሄዳል። ይሄ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። 15 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ፍሬኑ የኋላ ማርሽ ብቻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ማርሹን ነጻ አድርጉና ነዳጅ ስጡት። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥና ሳያጨስ ዙሩን ከጨመረ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ማርሽ ስታስገቡ ተመልሶ ከተንገፈገፈ ችግሩ ያለው ከማርሽ ሳጥኑ በኋላ ነው፤ እጃችሁን ወደ ፕሮፔለሩ ስደዱ። በነጻ ማርሽም ከተንቀጠቀጠ ግን ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎችና ኖዝሎቹን እዩ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ካናሉ ጥልቀት ሲያጣም ጀልባው ይጎተታል፣ የኋላው ወደ ታች ይቀመጣል፣ ከኋላ ጭቃ የለበሰ ማዕበል ይነሳል። ያኔ ነዳጅ ቀንሱና ወደ መሃል ሂዱ። ቀለል ካለው የነካችሁት መሬት ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ?

ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ናሮውቦት የመኪና ዓይነት ራዲያተር የለውም። የሞተሩ ውሃ የሚዞረው ከጀልባው ጎን በውስጥ በኩል በተበየደ ስስ የብረት ታንክ ውስጥ ነው። የሚያቀዘቅዘው ከውጭ ያለው የካናል ውሃ ነው። ፕሮፔለሩ ሲታነቅ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ጀልባው ደግሞ ስለማይራመድ አዲስ ውሃ በታንኩ ጎን አያልፍም። ስለዚህ ይሞቃል።

አንድ ሰው ቴርሞስታት ቀየረ። አልበረደለትም። የውሃ ፓምፕ ቀየረ። አልበረደለትም። ውሃውን በሙሉ አፍስሶ አዲስ ሞላ። እኔ ጋ የደወለው ቀጥሎ የሞተር ቴስታ ሊያስፈታ ሲል ነው። እጄን ስከት የግንባታ አሸዋ የሚሞላበት ጆንያ ፕሮፔለሩን እንደ ቆብ ሸፍኖታል። በዚያ ሁኔታ ከብራውንስተን መንደር ተነስቶ ብሊስዎርዝ የሚባለውን የካናል ዋሻ አልፎ ነበር። ዋሻው 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ የእግር መንገድ የለም፤ ከፊት ለፊት ጀልባ ይመጣል። እዚያ መሃል ሞተሩ ቢቆም ኖሮ ብዬ እስካሁን ይከነክነኛል። የፕሮፔለር ስሞታ ያለበትን ጀልባ ይዛችሁ ዋሻ አትግቡ።

ፕሮፔለሩ ንጹህ ሆኖ ሙቀቱ ከቀጠለ በታንኩ ጫፍ አየር ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጉ፤ ውሃ ሲመጣ አጥብቁ።

የት የት ይጠብቃችኋል?

ከተማ ውስጥ። በርሚንግሃም፣ ማንቸስተር ውስጥ አሽተን ካናል፣ ለንደን ውስጥ ሪጀንትስ ካናል። በተለይ ጠባብ ድልድይ ስር ቆሻሻ ይከማቻል። እዚያ ስትደርሱ ማርሹን ነጻ አድርጉና በነበራችሁ ፍጥነት ተንሳፈፉ። የማይዞር ፕሮፔለር ምንም አይጠመጥምም።

በመኸር ቅጠል ይረግፋል። ቅጠል ሲሆን የኋላ ማርሽ ለአጭር ጊዜ ሞቅ አድርጋችሁ ስጡት፤ ይተፋዋል። ይሄ የሚሠራው ለቅጠልና ለሣር ብቻ ነው። ለገመድና ለጨርቅ ካደረጋችሁት የባሰ ታጠብቁታላችሁ።

አወጣጡ

መጀመሪያ ዳር ይዛችሁ እሰሩ። በገመድ ሳቡት፣ በእንጨት ግፉት። ሎክ (ጀልባን በውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ክፍል) ውስጥ ሆናችሁ አትጀምሩ። ቴምዝ ወይም ትሬንትን በመሰለ ወንዝ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት መልሕቅ ጣሉ። ወንዝ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ግድቡ ይወስዳችኋል። መልሕቁን ከአልጋ ስር የቀበሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። ወንዝ ላይ ከወጣችሁ ሰንሰለቱ ታስሮ ደጅ ይቀመጥ።

ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። «ማንም አይነካውም» አይሠራም። ኪሳችሁ! አንድ ደንበኛ እጁን እስከ ትከሻው ከትቶ ሳለ ልጁ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ብሎ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ደርሼበታለሁ። ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ነበር። ማርሹ መግባቱንም ማንም አላየም።

ቀለበት አውልቁ። ቁስል ካላችሁ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ፤ ረጅም የጎማ ጓንት አድርጉ። ካናል ውሃ ውስጥ የአይጥ ሽንት ሊኖር ይችላል፤ በእሱ የሚመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ሰው ሊገድል ይችላል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ከያዛችሁ ለሐኪሙ «የካናል ውሃ ነክቻለሁ» በሉት። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

ከዚያ የኋላውን ወለል አንሱ። ከፕሮፔለሩ በላይ ዊድ ሃች የሚሏት በብረት ማሰሪያ የተጠበቀች ክዳን አለች። ማሰሪያውን ፍቱና ክዳኗን አውጡ። ውሃ ይታያችኋል፤ አትደንግጡ። ክዳኗ የምትዘጋው ሳጥን አፉ ከካናሉ ውሃ ከፍ ያለ ስለሆነ ቆማችሁ ሳላችሁ አይፈስም።

አሁን በእጅ ዳብሱ። ባትሪ ማብራት አይረዳም፣ ውሃው ድፍርስ ነው። ሻፍቱን (ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ) በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና የተጠመጠመውን ጫፍ ፈልጉ። ጨርቅ ወይም ገመድ ከሆነ በገባበት ተቃራኒ እያዞራችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ ቁረጡት። የሚሻለው ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ነው፤ ለስላሳ ቢላ እርጥብ ናይለን ላይ ይንሸራተታል። ቢላውን በሲባጎ ከእጃችሁ ጋር እሰሩት፣ አለበለዚያ ካናሉ ይወስደዋል። ለሽቦ ጠንካራ ፒንሳና የብረት መጋዝ ምላጭ ያዙ። የፍራሽ ሽቦ ያገኘው ሰው ግማሽ ቀኑን ሰጥቶ ይቀመጥ። ጫፉ እንደ መርፌ ነው፣ ጓንት ይበሳል፤ በግድ አትጎትቱት። እየቆረጣችሁ በትንሽ በትንሹ አውጡት።

አንድ ትልቅ ነገር ስለወጣ ጨረስን አትበሉ። ብርድ ልብስ አውጥቶ በደስታ ክዳኗን የዘጋ ሰው አውቃለሁ። ከስሩ የዓሣ ማጥመጃ ክር ቀርቶ ነበር። ከፕሮፔለሩ ፊት፣ ሻፍቱ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ጣታችሁን አዙሩ። ክሩ የሚደበቀው እዚያ ነው።

የወጣውን ቆሻሻ መልሳችሁ ውሃው ውስጥ አትጣሉ። ሲጥሉ አይቻለሁ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ያገኘዋል።

ክዳኗ

ይሄን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። ዊድ ሃች በትክክል ባለመዘጋቷ የሰመጡ ጀልባዎች አሉ። ቆማችሁ ሳላችሁ የማይፈሰው ውሃ ፕሮፔለሩ ሲዞር በኃይል ወደ ላይ ይመታል። ክዳኗ ላላ ካለች የሞተሩን ጉድጓድ ይሞላዋል። መሪው ላይ የቆመው ሰው አያየውም፤ ከእግሩ ስር፣ ከወለሉ በታች ነው። ኋላው ዝቅ ሲል ተጨማሪ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ነገሩ ፈጣን ነው።

ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን (የክዳኗን ማሸጊያ) ጥረጉ፣ አፉ ላይ ጠጠርና ሣር እንዳይቀር። ክዳኗን በትክክል አስቀምጡ፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ በእጅ ነቅንቁ። ከዚያ ጀልባው ዳር እንደታሰረ ሞተሩን አስነሱና ወደፊት ማርሽ አስገቡ። በባትሪ መብራት ክዳኗን ዙሪያዋን እዩ። የኋላ ማርሽም አስገብታችሁ እዩ። ጠብታ ካያችሁ አትሂዱ። ይህን ስታዩ ሻፍቱ ክፍት ሆኖ እየዞረ ነው፤ ሻርፕና የተንጠለጠለ ልብስ አርቁ።

ጓርኒሲዮን ካነሳን፣ የመስኮት ንፋስ መከላከያ ስፖንጅ ለጥፈው የሚሸጡ ጀልባዎች አሉ። ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፣ ይጨመታተራል፣ ከዚያ ያፈሳል። ወፍራም የጎማ ጓርኒሲዮን ዋጋው ምንም አይደለም። ጀልባ ስትገዙ ይህችን ክዳን ከፍታችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ከስር ያለው ብረቷ በዝገት ተበልቶ ከሆነ አስቀይሩት።

አውቶማቲክ ፓምፕ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። ፓምፑ ፍሳሹን ይደብቅባችኋል፤ የምታውቁት ባትሪው ሲሞት ነው። ዘይት የነካ ውሃ ወደ ካናል መርጨትም ክልክል ነው።

የራሳችሁ ገመድ

ከቆሻሻ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው የራስ ገመድ ነው። የኋላ ገመድ ተዝረክርኮ ይቀራል፣ ተንሸራቶ ውሃ ይገባል፣ ፕሮፔለሩ በአንድ ቅጽበት ይስበዋል። ወፍራም ገመድ ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ ያቆመዋል። ያኔ የሻፍት መገጣጠሚያው ይሰበራል፣ የሞተር ጎማዎች ይቀደዳሉ፣ ሻፍቱ ወደ ኋላ ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ ገመድ ካወጣችሁ በኋላ መገጣጠሚያውን ብሎን በብሎን እዩ። መፍትሔው ግን ቀድሞ ነው። የኋላ ገመዳችሁ ተጠቅልሎ ከእግራችሁ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በሎክ ውስጥ የጎን መከላከያ ጎማዎችንም አንሱ፤ ተቆርጠው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ከኋላ ውሃ ሲንጠባጠብ

ሻፍቱ በሚወጣበት ቦታ ግሪስ የተነከረ ገመድ መሰል ማሸጊያ አለ። እየሄዳችሁ ሳላችሁ አልፎ አልፎ ጠብ ማለቱ ጤናው ነው። ቆማችሁ ሳላችሁም የሚንጠባጠብ ከሆነ የግሪስ መስጫውን እስኪከብድ አዙሩ። ማታ ስታቆሙ ሁልጊዜ አድርጉት። ካልበቃ ሁለቱን ዳዶዎች እኩል፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። አንዱን ብቻ አታጥብቁ። ከመጠን በላይም አታጥብቁ፣ ሻፍቱ ይሞቃል፣ ይፋቃል። በእጅ ስትነኩት ትኩስ ከሆነ ላላ አድርጉ። ማሸጊያው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ያ የዓሣ ክር ገብቶበታል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ሞተሩ ይዞራል፣ ሻፍቱ ግን አይዞርም፦ የማርሽ ኬብሉ ተበጥሷል፣ ወይም በሞተሩና በማርሽ ሳጥኑ መካከል ያለው ሰሌዳ ተሰብሯል። ሁለተኛው ከመሰበሩ በፊት በሚኒሞ ላይ ይንኳኳል።

ሻፍቱ ይዞራል፣ ጀልባው ንቅንቅ አይልም፦ ፕሮፔለሩ ወልቆ ወድቋል።

ሞተሩ ዙር ያጣል፣ በነጻ ማርሽም ይዋዥቃል፦ ናፍጣው ውሃና ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከታንኩ ስር ያለውን ውሃ አውጡ።

ሁሉንም አጽድታችሁ መንቀጥቀጡ ካልቆመ ደግሞ የፕሮፔለሩ ክንፍ ታጥፏል። በዊድ ሃች በኩል ክንፎቹን አንድ በአንድ ዳብሳችሁ አወዳድሩ። ታጥፎ ከሆነ ከውሃ ማውጣት ያስፈልጋል። ጀልባው ለቀለም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ይወጣልና ጊዜው ከተቃረበ ሁለቱን ባንድ ላይ አሠሩ፤ የማውጫውን ዋጋ አንዴ ብቻ ትከፍላላችሁ። እስከዚያ ድረስ ግን በዝቅተኛ ዙር ሂዱ፣ የሻፍት ማሸጊያውንም በየቀኑ እዩ።